ከካርድ ክፍል ወደ ኮምፒውተር፦ የሕክምና ማኅደር ለውጥ በጅግጅጋና በሰሜናዊ የሶማሌ ክልል ከተሞች

በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ክፍል ከሚገኘው የደምበል ወረዳ ለሕክምና ወደ ጅግጅጋ የተላከ ሕመምተኛ በጤና ጣቢያው የተመዘገበለት የሕመም ታሪክ አብሮት አይጓዝም። በእጁ የሚይዘው አንድ የሪፈር ወረቀት ነው። ወረቀቱ በመንገድ ላይ ከጠፋ ወይም ጽሑፉ የማይነበብ ከሆነ የሚቀበለው ሐኪም ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው ለመጠየቅ ይገደዳል። ቀደም ሲል የተደረገ የላቦራቶሪ ምርመራ ይደገማል፤ ለሕመምተኛው የማይስማማ መድኃኒት ካለም የሚያስታውስ ሰው ላይገኝ ይችላል። ሕክምናውን ጨርሶ ሲመለስ ደግሞ በሆስፒታሉ የተደረገለት ነገር በጤና ጣቢያው ማኅደር ላይ ብዙውን ጊዜ አይሰፍርም።

የሕክምና መዝገብን ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት የማዛወሩ ሥራ ዋነኛ ምክንያት ይኸው ነው። በየደረጃው በሚገኙ የሥራ ኃላፊዎች ዘንድ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከኮምፒውተር ግዥ፣ ከኔትወርክ ዝርጋታና ከበጀት ጋር ተያይዞ ነው። የእስካሁኑ ልምድ የሚያሳየው ግን ሥራው የሚሳካው ወይም የሚሰናከለው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በካርድ ክፍል ውስጥ መሆኑን ነው።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የማኅደር አያያዝ ላይ መሠረታዊ ለውጥ የተደረገው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በወቅቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲካሄድ ከነበረው የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጋር ተያይዞ፣ በተለምዶ ኤች.ኤም.አይ.ኤስ. በመባል የሚታወቀው የጤና አስተዳደር መረጃ ሥርዓት እንደ አዲስ ተቀርጾ ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። ከዚያ በፊት አንዲት እናት በአንድ ተቋም ውስጥ ለተመላላሽ ሕክምና አንድ፣ ለቲቢ ክትትል ሌላ፣ ለእርግዝና ክትትል ደግሞ ሦስተኛ ካርድ ሊኖራት ይችል ነበር። አዲሱ አሠራር አንድ ሰው በአንድ ተቋም ውስጥ አንድ ቁጥርና አንድ ማኅደር ብቻ እንዲኖረው የሚያደርግ ነው።

አሠራሩ በጥቂት ቀላል መሣሪያዎች ላይ የቆመ ነው። ማኅደሮቹ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጡት በስም ሳይሆን በቁጥር ቅደም ተከተል ነው። ቁጥሩን የረሳ ሕመምተኛ ሲመጣ በስም ተራ ከተደረደሩ ትናንሽ የማውጫ ካርዶች ይፈለጋል። አንድ ማኅደር ከመደርደሪያው ሲወጣ በቦታው መተኪያ ካርድ ይገባል፤ ማኅደሩ በየትኛው ቀን ወደ የትኛው ክፍል እንደሄደ የሚታወቀው በዚሁ ካርድ ነው። የክትትል ቀጠሮ ያላቸው ሕሙማን ካርዶች ደግሞ በወርና በቀን በተከፋፈለ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። በቀጠሮው ቀን ያልመጣ ሰው ካርድ በሣጥኑ ውስጥ ስለሚቀር ማን እንደቀረ ወዲያውኑ ይታያል። በመደበኛው የሕክምና መርሐ ግብር ስድስት ወር ለሚፈጀው የቲቢ ሕክምና ይህች ሣጥን ያላት ጠቀሜታ ከፍተኛ ነው። ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው በሽታውን ለቤተሰቡ ሊያስተላልፍ ከመቻሉም በላይ ተሕዋሲው መድኃኒቱን እንዲለማመድ ዕድል ስለሚሰጥ በጊዜ ተፈልጎ መገኘት አለበት።

የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ክፍሎች የእነዚሁ መሣሪያዎች ልጆች ናቸው። የስም ፍለጋው የማውጫ ካርዱን፣ ማን መቼ ምን እንደከፈተ የሚያሳየው መዝገብ መተኪያ ካርዱን፣ የቀጠሮ ማስታወሻው ሣጥኗን ይተካሉ። በመሆኑም በወረቀት ላይ ሥርዓት ያልያዘ ካርድ ክፍል ኮምፒውተር ስለገባለት ሥርዓት አይዝም። ለአንድ ሰው ሦስት ማኅደር ሲከፍት የነበረ ተቋም በኮምፒውተርም ሦስት ይከፍታል፤ በመደርደሪያ ላይ በዓይን ይታይ የነበረው ስህተት ግን ከዚያ በኋላ ይደበቃል።

በዚህ ረገድ በኃላፊዎች ዘንድ በቀላሉ የሚፈጠር አንድ መደናገር አለ። መነሻው ደቡብ አፍሪካ የሆነውና በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የዳበረው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተሰኘ ሥርዓት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ለጤና ሪፖርት አገልግሎት ውሏል። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ወርኃዊ ሪፖርት የሚያስተላልፉበት ይህ ሥርዓት ለመደበኛ ሪፖርት በዋለበት መልኩ የሚይዘው ድምር ቁጥር ነው። በወሩ ውስጥ ስንት ሕፃናት እንደተከተቡ ያሳያል፤ የትኛው ሕፃን እንዳልተከተበ ግን ከዚያ ሪፖርት ማወቅ አይቻልም። አንድ ጤና ጣቢያ ሪፖርቱን በኮምፒውተር እየላከ፣ ቁጥሩን ግን ከወረቀት መዝገብ ላይ በጣት እየቆጠረ የሚያጠናቅር ከሆነ የተለወጠው የሪፖርቱ መላኪያ ነው፤ የሕክምና መዝገቡ እንደነበረ አለ። የኤሌክትሮኒክ ሕክምና ማኅደር የሚባለው የእያንዳንዱን ሰው ምርመራ፣ ውጤት፣ የታዘዘ መድኃኒትና ቀጠሮ በስሙና በቁጥሩ የሚይዘው ነው። ሁለቱ በአንድ የእቅድ መሥመር ሥር ሲቀመጡ የአንዱ አፈጻጸም የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

በጅግጅጋና በአካባቢው ከተሞች «ለአንድ ሰው አንድ ማኅደር» የሚለው መርህ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በስም አጻጻፍ ላይ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሶማሊኛ ሲሆን የሚጻፈውም በሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1972 በይፋ ሥራ ላይ በዋለው የላቲን ፊደል ነው። በዚህ አጻጻፍ «ሲ» የተባለው የላቲን ፊደል ከጉሮሮ የሚወጣውን የ«ዐ» ድምፅ፣ «ኤክስ» ደግሞ ጠንካራውን የ«ሐ» ድምፅ ይወክላሉ። ስለዚህ አብዲ የተባለ ሰው ስሙ በሶማሊኛ ሥርዓት ሲጻፍ በ«ሲ» ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ በ«ኤ»፤ በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ በ«አ» ወይም በ«ዐ»። መሐመድ የሚለው ስም የሚጻፍባቸው መንገዶች ከዚህም ይበዛሉ። ልምድ ያለው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሁሉም አንድ ስም መሆናቸውን ስለሚያውቅ በማውጫው ላይ ሦስት አራት ቦታ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ግን አስቀድሞ ካልተዘጋጀለት በቀር በ«ሲ» የተፈለገውን ሰው በ«ኤ» ከተመዘገበው ጋር አያገናኝም። የተመዘገበ ሰው የለም ብሎ ይመልሳል፤ በር ላይ ሰልፍ የሚጠብቀው ሠራተኛም አዲስ ቁጥር ይከፍታል።

በዚህ ላይ የስም መደጋገም አለ። የራሳቸው፣ የአባታቸውና የአያታቸው ስም አንድ ዓይነት የሆነ ሰዎች በአንድ ከተማ መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። ኅብረተሰቡ ራሱ እነዚህን ሰዎች የሚለየው በቅጽል ስም ነው፤ በሶማሊዎች ዘንድ የቅጽል ስም ልማድ ጥብቅ በመሆኑ በመዝገብ ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይል ሰው በቅጽል ስሙ ሲጠራ ወዲያው ይነሣል። የመመዝገቢያ ቅጹ ለቅጽል ስም ቦታ ካልተወለት ይህ ጠቃሚ መለያ በከንቱ ይቀራል። የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። ብዙ አረጋውያን ዕድሜያቸውን የሚናገሩት በግምት ወይም አንድ ድርቅ የደረሰበትን ዓመት በማስታወስ ነው። አንዱ መዝጋቢ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ የዘመን አቆጣጠር ከሞላ ደግሞ በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። በሕፃን ላይ ቢሆን ስህተቱ በዓይን ይታያል፤ በጎልማሳ ላይ ግን ማንም ሳያስተውለው ለዓመታት ይቆያል።

ለእነዚህ ችግሮች የታወቁ መፍትሔዎች አሉ። ስምን በፊደል ብቻ ሳይሆን በድምፅ ተመሳሳይነት የሚፈልግ ዘዴ በሶፍትዌሩ ውስጥ እንዲካተት ማድረግ፣ የእናትን ስም፣ ቀበሌንና ስልክ ቁጥርን ተጨማሪ መለያ ማድረግ፣ ስም በየትኛው አጻጻፍ እንደሚመዘገብ በክልል ደረጃ በመመሪያ መወሰን ከእነዚህ መካከል ናቸው። የመጨረሻው ምንም ወጪ አያስከትልም፤ የሚፈልገው ውሳኔ ነው። ሥራው ከተጀመረና በሺህ የሚቆጠሩ ስሞች በየአጻጻፋቸው ከገቡ በኋላ ግን ማረሙ እጅግ አድካሚ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው የፋይዳ ቁጥርም በዚህ ረገድ ትልቅ እገዛ አለው። ቁጥሩ ከጣት አሻራ፣ ከዓይንና ከፊት ምስል ጋር የተያያዘ በመሆኑ ስሙ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ሰውየው አንድ ነው። ይሁን እንጂ የማኅደር ብቸኛ ቁልፍ ሊሆን አይገባውም። በድንገተኛ ሕመም የመጣ ሰው መታወቂያ አልያዘም ተብሎ አይመለስም፤ አዲስ የተወለደ ሕፃንም ቁጥር የለውም። የጅግጅጋ አካባቢ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በቀብሪበያህ፣ ከዚያም በአውበሬና በሸደር መጠለያዎች ስደተኞችን ሲያስተናግድ የቆየ በመሆኑ የመለያ ሰነዳቸው ከነዋሪው የተለየ ታካሚዎችም አሉት። ተቋሙ የሚሰጠው የካርድ ቁጥር ዋና መለያ ሆኖ እንዲቀጥል፣ የፋይዳ ቁጥር ደግሞ ተደጋጋሚ ማኅደሮችን ለማገናኘት እንዲያገለግል ማድረጉ ተመራጭ ነው።

ኢትዮጵያ በዘርፉ የመጀመሪያውን ሙከራ ካደረገች ቆይታለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ስማርትኬር የተባለው ሥርዓት በአሜሪካው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ የቴክኒክ ድጋፍ ለአገሪቱ እንዲስማማ ተደርጎ በተለያዩ ሆስፒታሎች ተተክሎ ነበር። ሥርዓቱ አስቀድሞ ሥራ ላይ የዋለው በዛምቢያ ሲሆን፣ ሕመምተኛው የሕክምና መረጃው የሰፈረባትን ትንሽ ካርድ ይዞ ከተቋም ወደ ተቋም እንዲሄድ የሚያስችል ነው። ሐሳቡ ለተንቀሳቃሽ ኅብረተሰብ የተስማማ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁንና በኢትዮጵያ በአምስት ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ የኤሌክትሮኒክ ማኅደር ተጠቃሚ ከሆኑት ባለሙያዎች አብዛኞቹ በሥርዓቱ ያልረኩ መሆናቸውን አመልክቷል።

ባለሙያን ከሚያማርሩት ነገሮች ቀዳሚው ድርብ ምዝገባ ነው። ኮምፒውተሩ ገብቶ ወረቀቱ ካልቀረ ነርሷ አንዱን ሕመምተኛ በካርድ፣ በክፍሉ መዝገብና በኮምፒውተር ሦስት ጊዜ ትጽፋለች። ሰልፉ ሲረዝም ከሦስቱ አንዱ ይተዋል፤ የሚተወውም ወርኃዊ ሪፖርት የማይጠየቅበት ኮምፒውተሩ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ በውስጡ ያለው መረጃ ጎደሎ ስለሚሆን ሐኪሙ አያምነውም፤ ስላላመነውም አይከፍተውም። ስለዚህ ሽግግሩ ሲታቀድ ወረቀቱ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቀን እንደሚቆም አብሮ መወሰን አለበት። መዝገቦቹ እንዲሞሉ የሚያዘው የበላይ አካል ራሱ በመሆኑ ይህንን ውሳኔ ጤና ጣቢያው ብቻውን ሊወስን አይችልም።

በኬንያ በኤልዶሬት አቅራቢያ በሚገኘው የሞሶሪዮት ገጠር ጤና ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ሥራ በዚህ በኩል የሚጠቀስ ነው። በዚያ ሐኪሙ በኮምፒውተር እንዲጽፍ አልተገደደም። በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ ይሞላል፤ ቅጹ ከሕመምተኛው ጋር ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል፤ በመጨረሻም ሕመምተኛው ሲወጣ በአንድ ቦታ የተቀመጠ ጸሐፊ ወደ ኮምፒውተር ያስገባዋል። በጥናት እንደተረጋገጠው የሕመምተኛው የቆይታ ጊዜ በ22 በመቶ፣ ባለሙያዎች ለአንድ ሕመምተኛ የሚያውሉት ጊዜ ደግሞ በ58 በመቶ ቀንሷል። ከዚህ ጅምር የተገኘው ልምድ ኦፕን ኤም.አር.ኤስ. ለተባለውና ዛሬ በበርካታ ታዳጊ አገሮች ለሚሠራበት ነፃ ሶፍትዌር መሠረት ሆኗል።

በየካርድ ክፍሉ የተከማቸው የቀድሞ ወረቀት ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ሌላው አከራካሪ ነጥብ ነው። ሁሉንም ፎቶ እያነሡ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚወስድ ሲሆን የሚገኘው ሥዕል በመሆኑ ለፍለጋ አይመችም፤ ከማኅደሮቹም ብዙዎቹ ባለቤታቸው የማይመለስባቸው ናቸው። የተሻለው መንገድ ከተወሰነ ቀን ጀምሮ ለሕክምና የመጣውን ሰው ሁሉ በአዲሱ ሥርዓት መመዝገብና ከአሮጌው ማኅደር ዋና ዋናውን ብቻ ማዛወር ነው፦ የማይስማማ መድኃኒት፣ የቆየ ሕመም፣ በመወሰድ ላይ ያለ መድኃኒትና ያላለቀ ሕክምና። የቲቢ፣ የኤች.አይ.ቪ.፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ቀጠሮ ስላላቸው ሳይመጡ አስቀድሞ ማኅደራቸውን ማዘጋጀት ይቻላል። የቀሩት ማኅደሮች በቁጥራቸው ተደርድረው በክምችት ክፍል ይቆያሉ።

የኤሌክትሪክና የኔትወርክ መቆራረጥ ሥራውን የሚያስተጓጉል መሆኑ የታወቀ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሳተላይት የተዘረጋው የወረዳ ኔት አገልግሎት የወረዳ አስተዳደሮችን ለማገናኘት ያገለገለ ቢሆንም፣ ሕመምተኛ ፊት ቆሞ መልስ የሚጠብቅበት ሥራ በርቀት መሥመር ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይችልም። ስለዚህ የተቋሙ መረጃ በራሱ በተቋሙ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ መሥመሩ ሲገኝ ወደ ማዕከል እንዲላክ መደረግ አለበት። መብራት ሲጠፋ የሚሞላ አጭር የወረቀት ቅጽ በየክፍሉ መኖር ይኖርበታል፤ ማን በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ ኮምፒውተር እንደሚያስገባውም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የመጠባበቂያ ቅጂ ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ የለበትም፤ እሳትም ሌባም ሁለቱን አንድ ላይ ይወስዳቸዋልና። የጅግጅጋ አየር ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ ለመሣሪያዎች ይስማማል። ወደ ሰሜን ወደ ቆላው ሲወረድ ግን ሙቀትና አቧራ የኮምፒውተርን ዕድሜ ስለሚያሳጥሩ የግዥ ዝርዝሩ ለሁሉም ተቋም አንድ ዓይነት ሊሆን አይገባም።

የሕመምተኛ ምስጢር ጉዳይም በአዲሱ ሥርዓት መልኩን ይቀይራል። በወረቀት ዘመን ማኅደር ለመስረቅ ወደ ካርድ ክፍል መግባት ያስፈልጋል። በኮምፒውተር ግን የይለፍ ቃል ያለው ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ የሺዎችን ማኅደር ሊያይ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች መካከል መድቦታል። ነዋሪው በዘመድና በጎሣ በሚተዋወቅባቸው ከተሞች አንድ ሰው የኤች.አይ.ቪ. ክትትል እንዳለው መታወቁ ሕክምናውን እስከማስተው ሊያደርሰው ይችላል። ስለሆነም ለአንድ ክፍል አንድ የጋራ የይለፍ ቃል የመስጠት ልማድ ከመጀመሪያው ቀን መከልከል አለበት። ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ ስምና ቁጥርን፣ ላቦራቶሪው የታዘዘውን ምርመራ፣ ሐኪሙ ሙሉ ማኅደሩን ያያሉ። ማን ምን እንደከፈተ የሚያሳየው መዝገብም በየጊዜው የሚመለከተው ኃላፊ ካልተመደበለት መኖሩ ትርጉም የለውም።

የበጀቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ ኮምፒውተርና ሰርቨር በካፒታል በጀት ወይም በእርዳታ ይገዛሉ። ባትሪ መቀየር፣ የተበላሸ መሣሪያ መጠገን፣ አዲስ ለተቀጠረ ሠራተኛ ሥልጠና መስጠትና የጤና መረጃ ባለሙያውን በሥራው ላይ ማቆየት ግን በየዓመቱ መደበኛ በጀት የሚጠይቁ ናቸው። በፕሮጀክት የተተከለ ሥርዓት ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በኤሌክትሮኒክ ማኅደር ሥራ የጀመረ ተቋም ያለ ጤና መረጃ ባለሙያ ከሚቆይ ያለ አንድ ተጨማሪ ኮምፒውተር ቢቆይ ይሻለዋል።

አርብቶ አደሩ ዘንድ የሚደርሰው ሌላው ክፍል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ ማኅደር ነው። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኤሌክትሮኒክ ማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ይህንን ማኅደር ወደ ታብሌት ያዛወረ ሲሆን መሥመር በሌለበት ቦታ ተመዝግቦ በኋላ እንዲላክ የሚያስችል ነው። ማኅደሩ የተቀረጸው ግን በአንድ ቀበሌ የሚኖርን ቤተሰብ በማሰብ ነው። ከብቶቹን ይዞ ለግጦሽና ለውሃ ወደ ሌላ ወረዳ የተሻገረ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀበሌ «የለም» ተብሎ ይሞላል፤ በደረሰበት ቀበሌ ደግሞ እንደ አዲስ ይመዘገባል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ሊሰጠው ከሚገባው ክትባት ሁለተኛውን በደምበል የወሰደ ሕፃን ሦስተኛውን በአውበሬ ሲጠይቅ የእናቱ የክትባት ካርድ ከሌለ ማስረጃ የለውም። ስለዚህ በወረዳዎች መካከል የቤተሰብ ማኅደር የሚተላለፍበት አሠራር እስኪደራጅ ድረስ በእናትየው እጅ ያለችው የወረቀት ካርድ መቅረት የለባትም።

በጅግጅጋ የሚገኙት ካራማራ ሆስፒታልና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሼክ ሀሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል ከአካባቢው የሚላኩ ሕሙማንን የሚቀበሉ እንደመሆናቸው፣ በአካባቢው የልውውጡ መነሻ የሚሆነው ሆስፒታሎቹ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመልሱት የሕክምና ማጠቃለያ ነው። ማጠቃለያው አጭር ነው፦ የተገኘው በሽታ፣ የተሰጠው ሕክምና፣ የሚቀጥለው መድኃኒትና የክትትሉ ቀን። ሁሉም ተቋማት አንድ ዓይነት ሶፍትዌር እስኪኖራቸው መጠበቅ አያስፈልግም፤ የቅጹ ይዘት፣ የስም አጻጻፉና የካርድ ቁጥሩ አቀማመጥ በክልሉ ጤና ቢሮ አንድ ከሆነ ማጠቃለያው ዛሬ በወረቀት፣ ነገ በመሥመር ሊላክ ይችላል። ጤና ጣቢያውም ማጠቃለያው በስንት ቀን ውስጥ እንደደረሰው መዝግቦ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ያደርጋል።